የትርሲት ደብተር ያለበት ወንበር

ተረት ተረት። «የላም በረት» ብትሉኝም የዛሬው የኮምፒውተር በረት ነው፤ ላም የለበትም፣ የሚያስፈራ ነገር ግን አለበት።

ሜላት የምትባል የሶፍትዌር ተመራቂ ነበረች። በስምንት ሰዓት አንድ ድርጅት ግቢያቸው ድረስ መጥቶ ሊፈትናቸው ነው፤ ከአርባ ተማሪ የሚቀጥረው አንድ ብቻ ነው። ሜላት ሁሉን አጥንታ አንዲት ጥያቄ አቅታታለች፤ እያንዳንዱ ቀለበት ከፊቱ ያለውን ብቻ የሚያውቅበትን የመረጃ ሰንሰለት በኮምፒውተር መገልበጥ። ያቺን ጥያቄ አንድ ጊዜ ሞክራ ወደ ፈተናው ልትገባ ፈለገች። ፍላጎቷ ይኸው ነው።

ቀትር ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ምሳ ሄዷል። በኮምፒውተር ክፍሉ የሚሠራው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ ደብተር አለ። በዚያ ግቢ ደብተር የተቀመጠበት ወንበር ባለቤት አለው፣ ማንም አይነካውም። ሜላት ግን «ባለቤቱ ምሳውን እስኪበላ» ብላ ደብተሩን መሬት ላይ አኖረችና ተቀመጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

«ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተር፣ ጥያቄዬን ክፈትልኝ።»

«አልከፍትም» አለ ኮምፒውተሩ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው የሴት ልጅ ድምፅ ነበር። ሜላት ፈራች፤ ሰዓቷን ስታይ ግን ወደ ገመዱ ዞረች።

«ገመድ፣ ገመድ፣ ኮምፒውተሩን አጥፋልኝ፤ ኮምፒውተሩ ጥያቄዬን አልከፍትም አለ።»

«አላጠፋም» አለ ገመዱ፣ በዚያው ድምፅ።

ከግድግዳው ቀዳዳ አይጥ ብቅ አለች። «አይጥ፣ አይጥ፣ ገመዱን ቆርጥሚልኝ፤ ገመዱ ኮምፒውተሩን አላጠፋም አለ፤ ኮምፒውተሩ ጥያቄዬን አልከፍትም አለ።»

«አልቆረጥምም» አለች አይጧ፣ በዚያው ድምፅ። ዓይኗ መሬት ላይ ካለው ደብተር አልተነቀለም።

መስኮቱ ላይ ድመት ተኝታለች። «ድመት፣ ድመት፣ አይጧን ያዢልኝ፤ አይጧ ገመዱን አልቆረጥምም አለች፤ ገመዱ ኮምፒውተሩን አላጠፋም አለ፤ ኮምፒውተሩ ጥያቄዬን አልከፍትም አለ።»

«አልይዝም» አለች ድመቷ፣ አፏን ሳትከፍት።

ሰባት ተኩል ሆነ። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ በላቸው ቆሎ ይዘግናሉ። «ጋሽ በላቸው፣ እባክዎ ድመቷን ያባርሩልኝ፤ ድመቷ አይጧን አልይዝም አለች፤ አይጧ ገመዱን አልቆረጥምም አለች፤ ገመዱ ኮምፒውተሩን አላጠፋም አለ፤ ኮምፒውተሩ ጥያቄዬን አልከፍትም አለ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ጋሽ በላቸው አልሳቁም።

«የማንን ወንበር ነው የያዝሽው፣ ልጄ?»

«ደብተር ያለበትን።»

«እሱማ የትርሲት ነው። አምና ለዚሁ ፈተና ስታጠና አመማትና ‹መጣሁ፣ ወንበሬን ይጠብቁልኝ› ብላኝ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። እኔም አደራ ነውና አቧራውን እየጠረግሁ ደብተሩን ቦታው እመልሳለሁ። እሷ ሳትፈቅድ ድመት አላባርርም።»

ሜላት ከፍርሃቱ ሀፍረቱ ባሰባት። ደብተሩን አነሣች፣ በሹራቧ ጠረገችው፣ ወንበሩ ላይ መልሳ ራሷ ቆመች። «ትርሲትዬ፣ ይቅር በይኝ። ወንበሩ ያንቺ ነው፣ እኔ ቆሜ እሠራለሁ። አብረን እንፈተን።»

ነፋስ ሳይኖር ደብተሩ ተገለጠ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያቺው የሰንሰለት ጥያቄ ተጀምራ ቀርታለች።

«እሺ» አለ ያ ድምፅ።

ይኼኔ ጋሽ በላቸው ድመቷን ሊያባርሩ ተነሡ። ድመቷ «አያባርሩኝ፣ አይጧን እይዛለሁ» አለች፤ አይጧ «አትያዢኝ፣ ገመዱን እቆረጥማለሁ» አለች፤ ገመዱ «አትቆርጥሚኝ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋለሁ» አለ፤ ኮምፒውተሩ «አታጥፋኝ» አለና ጥያቄውን ከፈተ።

ሜላት ቆማ አየችው። ለካ ሰንሰለት የሚገለበጠው እስከ መጨረሻው ቀለበት ሄደው ሲመለሱ ነው። እዚያው ቆማ ሠራችው።

በስምንት ሰዓት ያቺው ጥያቄ መጣች። ፈተናው ሲያልቅ ፈታኙ ወረቀቱን ሰብስቦ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ተፈታኙ አርባ፣ ወረቀቱ አርባ አንድ። ታርሞ ሲያበቃ ሁለት ሰዎች እኩል አንደኛ ወጡ፤ ፈታኙም ሁለቱን በስማቸው ጠራ።

«ሜላት» ሲል ሜላት ተነሣች። «ትርሲት» ሲል ማንም አልተነሣም፤ ከኋላ ግን አንድ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ሥራው ለሜላት ሆነ፤ እሷም ያገኘችው ደስታ ግማሽ መሆኑን አወቀች።

ተረቴን መልሱ፤ ደብተሩን ግን ካለበት አታንሡ።