አሜን የዘገየበት ምርቃት

ብቻውን ሆኖ አባቱን የሚያስታምም አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ትርንጎ፣ «ጋሽ ይመኑ፣ የመጽሐፉን ፋይል ባሳንሰው ጥራቱን አላበላሸውም ወይ?» ያልሽኝን አልረሳሁም። አትቸኩዪ፣ መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው።

ይህ ሰው አንድ ወንድም ነበረው። ወንድሙ ሩቅ በረሃ፣ መንገድ ሥራ ላይ ነው። እዚያ ኔትወርኩ ስልክ አያስወራም፤ ኮረብታ ላይ ሲወጡ ትንንሽ መልእክት ብቻ ይገባል። እንዳይመጣ ደግሞ ጎርፍ ድልድዩን ወስዶታል።

አባትየው መድከማቸውን ሲያውቁ «ትራስ አስደግፈኝ» አሉና የሩቁን ልጃቸውን በስሙ ጠርተው መረቁት። ሰውየውም በስልኩ ቪዲዮ ቀረጸ። ሲጨርሱ፣ «ላክለት፣ አሜን ይበል። አሜን ማለቱን ስሰማ ነው እፎይ የምለው» አሉት።

ለካ ሰውየው የቀረጸው ስልኩ በሚችለው ትልቁ ጥራት ነበር። ፋይሉ መሄድ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ይቋረጣል። ግራ ቢገባው ፎቶ ቤት ወሰደው። ባለ ፎቶ ቤቷ አይታ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እንዲሁ እንዳለ መቼም አይሄድም። ላሳንስልህ፤ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዝ እንደሆነ እንጂ ድምፁ በደንብ ይሰማል» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው? አባቴን አደብዝዤ ልላክ? የጋቢያቸው ጥለት ሳይቀር እንዳለ ይየው!» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ክፋት የለበትም እኮ! ሲወዳቸው ጊዜ ነው።

ቤት ሲገባ አባቱ ቀና ብለው፣ «ደረሰው? አሜን አለ?» ይሉታል። «እየሄደ ነው፣ አባባ» ይላል። በማግስቱም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። የሚያማክረው ዘመድ እንኳ የለው፤ ስልኩን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ወዲያ ማዶ፣ «የአባባን ምርቃት እልክልሃለሁ» የሚል አጭር መልእክት የደረሰው ወንድሙ ከሥራ በወጣ ቁጥር ኮረብታው ላይ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና፣ «ባይመርቁኝ ነው እንጂ ለምን ትደብቀኛለህ? ግድ የለም፣ ንገረኝ» ብሎ ጻፈ።

ሰውየው ይህን እንዳነበበ አባቱን ለጎረቤት አደራ ብሎ ፎቶ ቤት ሮጠ። «አሳንሺው፣ በእናትሽ! የፈለግሽውን ቀንሺለት!» አላት። አሳነሰችለት። ያ ስንት ቀን እምቢ ያለ ፋይል ገና ከሱቁ ሳይወጣ ደረሰ።

ወዲያው ከወንድሙ አጭር ድምፅ መጣ። ነፋስ ይሰማል፤ በነፋሱ መሃል ወንድሙ እያለቀሰ «አሜን፣ አባባ፣ አሜን» ይላል። ሰውየው ስልኩን ይዞ ወደ ቤቱ በረረ። ሲደርስ ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ቆመዋል። በመሃላቸው አልፎ ገባ፤ ስልኩን አባቱ ጆሮ ሥር አድርጎ ከፈተው። የሚሰማው ግን እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ትርንጎዬ፣ አንቺም የመጽሐፉን ገጾች በሙሉ በቀለም ስካን አድርገሽ ይዘሻቸው ተቀምጠሻል። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎችሽ ደግሞ ቆላ ወርደው በዚያች ደካማ ኔትወርክ ይጠብቁሻል። ፊደሉ መነበቡን እይ፤ ከተነበበ አሳንሺው። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ማንም አይቀየምሽም። አንቺ ጋ የቀረው ጥራት ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል? እስካሁን «መምህራችን ረሳችን» ብለው ይሆናል። ተነሺ፣ አሁኑኑ ላኪላቸው።