ያልታረሰው ዳር

አንድ ጊዜ አራዊት ተባብረው ዱባ ተከሉ። በእርሻውና በወንዙ መካከል አበባ የሞላበት ያልታረሰ ዳር ነበር። ከመሬቱ ሥር ጣዝማዎች ይኖራሉ፤ ማር የሚሠሩ፣ ማንንም የማይነድፉ ጥቃቅን ፍጥረቶች። እመት አህያ ትወዳቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት የዱባው አበባ ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ ታያለች፤ እነሱ የገቡበት አበባ ፍሬ ይይዛል። ያ ፍሬ ደግሞ የእሷና የውርንጭላዋ የበጋ ቀለብ ነው።

እመት ቀበሮ ግን ማሩ አማራት። በገዛ ጥፍሯ መቆፈሩን ስላልፈለገች ወደ አያ አንበሳ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ያ ዳር እንዲያው ጦሙን ይደር? ቢታረስ እኮ የእርስዎ ድርሻ ይጨምራል» አለችው።

አንበሳ ወዲያው አህያን አስጠራ። «ቀንበር ተሸከሚና ዳሩን እረሺ!» ሲል አዘዛት።

አህያ ዳሩ ላይ ስትደርስ ዘጭ ብላ ተኛች።

«ተነሺ!» አለ አንበሳ።

«አልነሳም!»

ከቀበሮ ጋር ተከትሎ የመጣው አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ጌታዬ፣ እምቢ ካለች እንግዲህ ልብላት?»

አህያ ፈራች። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። «ብላኝ! የማይናደፍ ሁሉ ቤቱ ይፍረስ ማለት ነው? ጌታዬ፣ የእርሻችንን የላይኛውን ዳር አንድ ሆዳም ለማር ብሎ ቆፍሮ ጣዝማዎቹን አባሯቸዋል። ይሂዱና እዚያ አንድ ዱባ ፈልገው ያምጡልኝ!»

አንበሳ ሄዶ አየ። ሐረጉ ተንዠርግጓል፣ አበባው ረግፏል፣ ፍሬ የሚባል ግን የለም።

«ማነው የቆፈረው?» ብሎ አገሣ።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ጅቦ። «ደግሞ ግማሹን ማር የበላችው ቀበሮ ናት።»

ቀበሮ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች።

«ከእንግዲህ ይህን ዳር የነካ ወዮለት!» አለ አንበሳ። «በይ፣ አንቺም ተነሺ።»

«አልነሳም» አለች አህያ። «ሁለቱ የቆፈሩትን ይድፈኑ፤ የአበባ ዘርም ይዝሩበት። ያኔ እነሳለሁ።»

አንበሳ እንዲህ ያለ ድፍረት ከአህያ ሰምቶ አያውቅም። ሆኖም ፍሬ አልባውን ሐረግ ዞር ብሎ አየና ወደ ሁለቱ ፊቱን መለሰ። «ሰምታችኋል!»

ጅቦ እያጉረመረመ አፈር መለሰ፤ ቀበሮ ከኋላው ዘር በተነች። አህያም ከተኛችበት ሳትነቃነቅ፣ «አያ ጅቦ፣ እዚያ ጋ ዘለልከው!» ትል ነበር።

ከዚህ የምንማረው ዝም ብሎ የሚጠቅመንን የዋህ ፍጥረት ቤት ሊያፈርስ የመጣው ንጉሥ እንኳ ቢሆን፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት እንደሚገባን ነው።