ጥንጓን የቀማው ጎረምሳ

ስማኝ ውባንተ፤ አንድ ባለርስት ነበረ፣ ሦስት ገና በተከታታይ የተሸነፈ። የላይኛው መንደር የገና ተጫዋቾች አበጋዝ እሱ ነው። ታችኞቹ ባሸነፉ ቁጥር ደጁ ድረስ መጥተው በዘፈን ይሰድቡታል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና እንደ ማሽላ እያረረ ይስቅላቸዋል፤ ጠላም ያጠጣቸዋል። ከስድቡ ይልቅ የሚያቃጥለው ማጠጣቱ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ኅዳር ሲገባ፣ አዲስ ሰው ማሰለፍ አለብኝ አለ። ሰው አላጣም። ስማቸው ያልወጣ ጎረምሶች ከመንደሩ በታች ባለው ትንሽ ሜዳ ይጫወታሉ። ለሥራ ወንዝ ተሻግረው ለሰው አገር የሚጫወቱ የመንደሩ ልጆችም አሉ። ማንኛው እንደሚጠቅመው አይተው እንዲነግሩት ሰዎች ላከ።

አማቹ ከወንዝ ማዶ ተመለሰና፣ «እንደ አንበርብር ያለ የለም፤ ባለፈው እሑድ ብቻውን አራት ግብ አገባ» አለው።

«ማን ላይ?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅሁም።»

አጎቱ አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ አመሰገነ፤ አጎቱ ራሱ ረጅም ነው። ቄሱ የክርስትና ልጃቸውን አመሰገኑ። ባለርስቱ ሰለቸው። «ስለ ልጆቹ ስጠይቃችሁ ስለ ራሳችሁ ትነግሩኛላችሁ» አለና ጥሏቸው ወጣ።

በማግስቱ ከትንሹ ሜዳም ከወንዝ ማዶም ያሉትን ሁሉ አስጠርቶ ለሁለት ከፈላቸው። ዳር ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው ሲሉ ከበቅሎው ወረደ፣ ካባውን ለሎሌው ሰጠ፣ የገና ዱላ አነሣና ከአንዱ ወገን ገባ። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ ሆዱም እንደ ዕድሜው ነው። ሰዉ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

አንበርብር እንደተባለው ነበረ። ሲመታት ጥንጓ፣ ያቺ ከእንጨት የተጠረበች ኳስ፣ ታፏጫለች። ባለርስቱ ሲቀርበው ግን ዱላው ይለዝባል። «ይውሰዷት ጌታዬ» እያለ ወደ እግሩ ይገፋለታል። ረጅሙም፣ የቄሱ የክርስትና ልጅም እንዲሁ። ባለርስቱ ሳይሮጥ ግብ አገባ። ሜዳው አጨበጨበለት። እሱ ግን ተናደደ። እነዚህን ይዤ ነው ታችኞቹን የምገጥመው? አለ በልቡ።

ይህን እያሰበ ሌላ ግብ ሊያገባ ሲል፣ ከትንሹ ሜዳ የመጣ አንድ ጠይም ጎረምሳ ከጎኑ ደረሰ። ይቅርታም አላለ፣ እጅም አልነሣ። ጥንጓን ከዱላው ስር ቀማው፤ የጎረምሳው ዱላ አልፎ የባለርስቱን ቅልጥም አገኘው። ባለርስቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሎሌዎቹ ጎረምሳውን ሊይዙት ሲሮጡ እሱ ግብ አግብቶ ቆይቷል።

«ተዉት» አለ ባለርስቱ ቅልጥሙን እያሸ። «አንተ፣ ማን እንደሆንሁ አላወቅህም?»

«አውቄያለሁ ጌታዬ። ግን ከወዲያኛው ወገን ነበሩ።»

ባለርስቱ ቁጣው በአፉ ሞልቶ ነበር፤ ዋጠው። የገና ዕለት ያንን ጎረምሳ ከፊት አሰለፈ፣ አንበርብርን ከኋላው አደረገ። አሸነፉ ብልህ ደስ ባለኝ፤ እኩል ወጡ። ያን ዓመት ግን ታችኞቹ ለስድብ ደጁ አልመጡም፤ ባለርስቱም ጠላ አላጠጣቸውም።

እንግዲህ ውባንተ፣ ርእሰ መምህር ነህ፤ ከሦስቱ መምህራን ማንን ምክትሌ ላድርግ ብለህ ጠየቅኸኝ። ከእኔ በፊት የወረዳውን ሹም ጠይቀሃል፣ ጸሐፊህን ጠይቀሃል፣ የሚስትህን ወንድም እንኳ ጠይቀሃል። ሁሉም ስለ ራሳቸው ነገሩህ። አሁንስ እኔም ሰለቸኝ። ሂድና ክፍላቸው ገብተህ አብረሃቸው አስተምር። ስትሳሳት አንገቱን ደፍቶ ዝም የሚልህን እለፈው። ተማሪ ፊት «ይህስ ልክ አይደለም» የሚልህ ከተገኘ፣ እንደሚያምህ አውቃለሁ፤ እሱን ሹመው። ጥንጓን ለአንተ የለቀቀ፣ ለባላጋራህም ይለቃታል።