ከሸኽ ጀውሀር በር የወረደው መጋረጃ

ስሟን ከማልጠራት አንዲት አሮጌ ከተማ እንነሳ። በድንጋይ አጥር የተከበበች፣ መንገዶቿ የጠበቡ፣ የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ ሱቁ ሁሉ የሚዘጋባት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሸኽ ጀውሀር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አርባ ዓመት ቁርኣን አቅርተዋል። ሰባ ሲሞላቸው ሦስት በሽታ አብሯቸው ይኖር ነበር፤ ስኳር፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ድካም።

ሸኹ በሽታቸውን እንደ ሶላት በሰዓቱ ይዘውት ነበር። ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ታጥበው ውዱእ ሲያደርጉ የእግራቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቀው ይዳስሳሉ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል አይታወቀውምና። ጫማቸውን ሳያራግፉ አያጠልቁም። ወጣቸው ጨው የለውም። የመርፌ መድኃኒታቸው ሙቀት ስለማይወድ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል። ትንሹ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ነው፤ በሁለቱ መካከል እርጥብ አሸዋ አለ። ዓይናቸው ስለደከመ የመርፌውን መጠን የምታነብላቸው ባለቤታቸው ረውዳ ናት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ የሚያጠጡት ግን ራሳቸው ነበሩ።

«ይኸ የቀረኝ ከብት ነው» ይሉ ነበር እየሳቁ። «ካላጠጣሁት ይሞትብኛል።»

ጾምን በተመለከተ ሐኪሙ መጾም እንደማይችሉ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሸኹም ሕጉን ያውቃሉ። የማይድን በሽታ ያለበት ሰው በእያንዳንዱ ቀን ፈንታ አንድ ሚስኪን ያበላል። እሳቸውም ያበሉ ነበር። በዚያች ከተማ ግን አንድ ልማድ አለ። በረመዳን ቀን የሚበላ ሰው ያለበት ቤት፣ በውስጠኛው ክፍል በር ላይ ወፍራም መጋረጃ ይሰቅላል። አራሷም፣ በሽተኛውም፣ መንገደኛውም ከመጋረጃው ጀርባ ይበላሉ። እንግዳ ቢገባም ስለ መጋረጃው አይጠይቅም። ልማዱ ክፋት የለበትም። ጾመኛን ያከብራል፤ የበሽተኛን ገመና ይሸፍናል። ሸኹም ምሳቸውን ከእንዲህ ያለ መጋረጃ ጀርባ ይበሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበር። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ በመስጂዱ ግቢ ለጾመኛው ቴምር የሚያድሉት ሸኽ ጀውሀር ነበሩ። የመጀመሪያዋን ቴምር ጫፏን ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ያድላሉ። ሦስት ረመዳን እንዲህ አለፈ። ጾሜያለሁ ብለው አያውቁም። የጠየቃቸውም የለም።

በአራተኛው ረመዳን፣ በስምንተኛው ቀን፣ ሙዘሚል የሚባል ልብስ ሰፊ ከሶላት ሰልፍ ጠፋ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። እሱም ስኳር አለበት። ሐኪም ቤት ከሸኹ ጋር በአንድ ቀን ስለሚቀጠር ወረፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሸኹ በማግስቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ሊጠይቁት ሄዱ።

ተኝቶ አገኙት። ግንባሩ ተሰንጥቆ በጨርቅ ታስሯል። ሚስቱ የሆነውን ነገረቻቸው። ጾመኛ ሆኖ መርፌውን ተወግቷል። ከቀትር በኋላ ስኳሩ ወርዶ የስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ስኳር በውሃ በጥብጣ ከንፈሩ ላይ ባታንጠባጥብለት ኖሮ አይነቃም ነበር። እንዲያም ሆኖ ነገም እጾማለሁ ይላል። እንዲመክሩላት ለመነቻቸው።

ሸኹ ሩኽሳውን አስረዱት። አላህ ለበሽተኛ ማቅለያ እንደሰጠ፣ ማቅለያውን መቀበልም መታዘዝ እንደሆነ ነገሩት። ሙዘሚል አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ሸኽ፣ እርስዎ በሦስት በሽታ እየጾሙ እኔ በአንዱ እንዴት እበላለሁ? በየትኛው ፊቴ ከእጅዎ ቴምር እቀበላለሁ?»

ሸኹ ምርኩዛቸውን አነሱ። ነገ ጁሙዓ ነው፣ እንዳትቀር ብለውት ወጡ።

ቤት ሲደርሱ የመስጂዱ አስተዳዳሪ ሐጅ በድሩ ተቀምጠው ጠበቋቸው። አብሮ አደጋቸው ናቸው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውንም ከረውዳ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሸኹ ያሰቡትን ሲነግሯቸው ሐጅ በድሩ አልወደዱትም።

«ለልጁ በጆሮው ንገረውና ይብቃ» አሉ። «ሕዝብ ፊት ከወጣህ ነገ ጤነኛው ሁሉ ወገቤን ቆረጠኝ ብሎ ይበላል።»

«በጆሮው ብነግረው እሱ ይተርፋል። በሽተኛ እያላቸው መጋረጃ ያልሰቀሉ ስንት ቤቶች እንዳሉ ግን አላውቅም።»

ረውዳ የአርባ ዓመት ስማቸውን አስታወሰቻቸው። ሰው እንደ ልማዱ እንደሚያወራ፣ ቁርኣን የሚማሩባቸው ቃሪዎቻቸውም ሊበተኑ እንደሚችሉ ተናገረች። ሸኹ አልተቆጡም።

«ስሜ የቆመው በሙዘሚል የተሰነጠቀ ግንባር ላይ ከሆነ ይውደቅ» አሉ።

በማግስቱ የጁሙዓ ሶላት አብቅቶ ሰጋጁ ጀመዓ ግቢውን ሞላው። ሸኹ ውዱእ ማድረጊያው አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ከጉያቸው አንድ ጥቅል ፈቱ። ግማሽ ቂጣ፣ ቅል ውስጥ ውሃ፣ አንድ ነጭ ክኒን። ቢስሚላህ ብለው ክኒኑን አፋቸው ውስጥ አድርገው ውሃውን ጠጡ።

ከሰዉ መካከል ሰይዶ የሚባል ሸክም ተሸካሚ ወዛደር ነበር፤ ቀልድ ካልተናገረ የሚታመም ሰው ነው።

«ሸኽ፣ ሰዓቱ ተሳሳተብዎት? መግሪብ ገና እኮ ነው» አለ።

ጥቂቶች ሳቁ።

«ሰዓቱ ልክ ነው፣ ሰይዶ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ሦስት ረመዳን ሙሉ ቴምር አደልኳችሁ። አንዱንም ቀን አልጾምኩም። አላህ ሩኽሳ ሰጥቶኛል፤ በሩኽሳው አላፍርም ብዬ አስብ ነበር። አፍሬ ኖሯል። ጾመኛ ስትሉኝ ዝም አልኩ። ያን ዝምታ አይቶ የጾመ በሽተኛ ካለ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሙዘሚልን በዓይናቸው ፈለጉት። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከንፈሩ ደርቋል።

«መርፌህን ተወግተሃል?»

«አዎ።»

«በልተሃል?»

ሙዘሚል ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሸኹ ቂጣውን ቆርሰው ዘረጉለት።

«እዚህ?» አለ በቀስታ።

«እዚህ። ዛሬ ብቻ። ከነገ ጀምሮ እኔ ቤት ነው፤ ጾመኛ እናከብራለን።»

ሙዘሚል መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። በላ። አንዳንዱ ሰው ፊቱን አዙሮ ወጣ። ሐጅ በድሩ ግን ቅሉን አንስተው ለሙዘሚል ውሃ አቀበሉት።

ያን ዕለት መግሪብ ላይ ሸኹ የቴምሩን ሳህን አልያዙም። ለሰይዶ ሰጡት። ሸክም ተሸክሞ የሚጾመው አንተ ነህ፣ አንተ አድል አሉት። ሰይዶ በዚያች ሰዓት አልቀለደም።

ቅዳሜ ጠዋት ሸኹ መጋረጃውን ከበራቸው ላይ አወረዱና ለሙዘሚል ላኩት። ሙዘሚል ቆራርጦ ትንንሽ የመድኃኒት ከረጢት አድርጎ ሰፋው። የጠዋቱ ከረጢት አፍ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የማታው ላይ ሁለት ቋጠሮ ክር አደረገበት፤ ዓይኑ የደከመ ሰው በጣቱ ዳስሶ እንዲለየው። በሦስተኛው ቀን ሰይዶ አሮጊት እናቱን እየመራ የሸኹን ቤት አንኳኳ። ግፊት አለባት፣ ክኒኗን ትታ ትጾም ነበር፣ እኔ አላውቅም ነበር አለ። ረመዳን ሲወጣ ቀትር ላይ ከሸኽ ጀውሀር ጋር የሚበሉት አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። እግራቸውን እንዴት እንደሚዳስሱ፣ አሸዋውን ስንቴ እንደሚያጠጡ ከእሳቸው ተማሩ። ጤነኛ ሆኖ ወገቤን አመመኝ ያለ አልመጣም። ከቃሪዎቻቸው ሁለቱ ሄዱ፤ የቀሩት ቀሩ።

ሸኹ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። አንድ ጊዜ፣ ለዚህ ለደከመ ገላ ይህን ሁሉ መልፋት አይሰለችዎትም ወይ ተብለው ተጠየቁ። ማሰሮው ላይ ውሃ እያፈሰሱ ነበር።

«ገላዬ የኔ አይደለም፤ አማና ነው፣ የአላህ አደራ» አሉ። «ባለቤቱ እስኪወስደው አጠጣዋለሁ።»

ይህን ቃል ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ትርጉሙ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ረይሓና የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ልቧም ሳንባዋም ታማሚ ነበር። ሁለት ዓመት አራት ዓይነት መድኃኒት በሰዓቱ ሰጠኋት። አምስት ዓመት ሳይሞላት አላህ ወሰዳት። ለተዕዚያ፣ ሊያጽናኑኝ ከመጡት አንዱ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ቀረ አለኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። አማና የተሰጠው ሰው የሚጠየቀው ለምን አላስቀረኸውም ተብሎ አይደለም። እንዴት ጠበቅኸው ተብሎ ነው። የሸኹ አሸዋ አንድም ቀን አልደረቀም። የልጄም የመጨረሻ የመድኃኒት ጠብታ በሰዓቷ ተሰጥታለች። ይህ ከንቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ዘንድ ተቀምጧል።

አንተም በሽታህ ሁለት ይሁን ሦስት፣ አንቺም ብትሆኚ፣ በመድኃኒት አትፈሩ፤ ጠባቂ በጥበቃው አያፍርም። ሰዓቱ ደርሶ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና መጀመሪያ ክኒናችሁን ዋጡ።