ሐጂ ሰይድኑር የለኩት ከፈን

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከመስጂዱ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ሐጂ ሰይድኑር የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ሱቃቸውና ቤታቸው በአንድ በር ስለሚገናኙ ልጃቸው ሙኒራ ያደገችው በአቡጀዲ ጥቅል መካከል ነው። አባቷ በክንዳቸው ሲለኩ ጫፉን የምትይዝላቸው እሷ ነበረች። በእርጅናዋ ዘመን እንኳ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሲሸታት አባቷ ፊቷ ላይ ድቅን ይሉባት ነበር።

ሰባት ዓመቷ ላይ በሱቁ ላይ ክፉ ወሬ ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጠው ሙሄ፣ የሐጂ ክንድ ያጥራል፣ ሲለኩ ያጎድላሉ እያለ በገበያው አስወራ። ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሸ። እናቷ ጌጧን እየሸጠች ሁለት ዓመት ቤቱን ያዘች። ሐጂ ግን ስለ ሙሄ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ በየማለዳው ቢስሚላህ ብለው ሱቃቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። ሙኒራ ዝምታቸው ፍርሃት ይመስላት ነበር፤ በልቧም ታፍርባቸው ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲራራ ነጋዴ ሳይሻገር ሰነበተ፤ በከተማው ነጭ ጨርቅ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ሙሄ ታሞ ሞተ። ከገዛ ሱቁ እንኳ ለመገነዣው ከፈን የሚበቃ ጨርቅ አልተገኘም። ትልቁ ልጁ ከተማውን አዳርሶ ሲያጣ ሐጂ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ሰላምታ አቅርቦ የአባቱን መሞት ተናገረ።

ሐጂ ምንም ሳይጠይቁት ወደ ጓዳ ገቡ። ከሐጅ ሲመለሱ በዘምዘም ውሃ አጥበው፣ ለራሳቸው ከፈን ብለው ያኖሩትን ጨርቅ ይዘው ወጡ።

«ሐጂ፣ ይኼ እኮ የእርስዎ ነው» አለች ሚስታቸው ቀስ ብላ።

«እኔ የምቀድም መስሎኝ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ» አሉ።

ሙኒራ ጫፉን ያዘች። አባቷ በእያንዳንዱ ክንድ ላይ አንድ ስንዝር እየጨመሩ ለኩ። ይህን ሲያይ የሙሄ ልጅ፣ አባቱ ያስወራው ሐሰት እንደነበር፣ ሲያጣጥርም ሐጂን አውፍ አስብሉልኝ ብሎ አደራ ማለቱን እያለቀሰ ተናገረ። ሐጂም አውፍ ብለው ይቅር እንዳሉት ነግረው፣ ሟች እንዳይዘገይ ቶሎ ሂድ አሉት።

ከዙህር ሶላት በኋላ ጀናዛው በሱቁ ፊት ሲያልፍ ሙኒራ ከተሸካሚዎቹ መካከል አባቷን አየች። ከቀብር ሲመለሱ፣ ያን ሁሉ ለበደላቸው ሰው ስለ ምን የራሳቸውን ከፈን፣ ያውም ስንዝር እየጨመሩ፣ እንደሰጡ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ባጎድልበት ኖሮ ያወራብኝ ሁሉ እውነት ይሆን ነበር» አሏት።

ሐጂ ከዓመታት በኋላ ወደ አኼራ ሲሄዱ ከሱቃቸው መደርደሪያ በወረደ ተራ አቡጀዲ ተከፈኑ። ስማቸው ሲጠፋ በምላሳቸው አልተሟገቱም፤ ክንዳቸውን ብቻ ሞልተው ቆዩ። እኛ ግን በድሎናል ስንል የበዳያችንን ሐቅ እናጎድላለን፤ ያን ጊዜ የከሰሰንን ሰው በገዛ እጃችን እውነተኛ እናደርገዋለን። አላህ ክንዳችንን ለወደድነውም ለበደለንም አንድ ያድርግልን።