ጀርባ የተሰጠበት ደጅ

ከቆላው ተነስቶ ዞኮ ወደምትባለው የተራራ ከተማ የሚወጣ እንግዳ፣ መኪናው ጠመዝማዛውን ጨርሶ ከድንጋዩ በር ሲደርስ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለው የለም። መጀመሪያ ፊቱን ወደመጣበት አዙሮ እንዲቆም ይደረጋል። ሐይቁና ሜዳው፣ ከእግሩ በታች የሚያልፈው ደመና አፉን ያስከፍተዋል፤ ካሜራ የያዘውማ የቱን አንስቶ የቱን እንደሚተው ይጠፋዋል። ዞኮ በአገሩ ቋንቋ ጀርባ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ውበት ምነው ሌላ ስም ጠፋ ለሚል ሰው፣ ሽማግሌዎቹ የሚመልሱት እንዲህ ነው።

ድሮ፣ ደገኛውና ቆለኛው ደም በተቃቡበት ዘመን፣ የዚህ በር ጠባቂ አንጁሎ የሚባል ሰው ነበር ይባላል። አንድ ልጁ ቆላ ወርዶ ተገድሎ ቀርቷል፤ ሬሳው እንኳ አልመጣለትም። ከዚያ ወዲህ ከቆላ የሚወጣውን ሁሉ በጦር ሊቀበል ምሎ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አይነቅልም ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ግን፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ሲሸብት፣ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየውም።

እንደሚነገረው፣ በአንድ የድርቅ ዓመት ጧት፣ ቦርኬ የሚባል ከብቱ ያለቀበት ቆለኛ ለልጆቹ እንሰት ሊለምን ብቻውን ወጣ። አንጁሎ ጦሩን ሰብቆ ጠበቀው። ቦርኬ ግን ከበሩ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ቢልበት ቆም ብሎ ዞር አለ፤ ዞር እንዳለም በዚያው ፈዞ ቀረ።

«ፊትህን አዙር!» ሲል አንጁሎ ጮኸ። በደገኞቹ ሕግ ጀርባ የሚሰጠው ለሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፤ ጀርባውን የሰጠን ሰው መውጋት ወንድምን እንደመግደል ነው። ቦርኬ ይህን ከየት ያውቃል?

«ቆዩማ አባቴ፣» አለ ሳይዞር። «ይቺ ናት አገሬ? እኔ እኮ አቧራዋን ብቻ ነበር የማውቀው።»

አንጁሎ ጦሩን ዝቅ አደረገ። ሰውዬውን እንዲህ ያፈዘዘው ምን እንደሆነ ሊያይ ጠጋ ብሎ ከጎኑ ቆመ፤ ያኔ እሱም አየ። ያ ሁሉ ውሃና ምድር ዕድሜውን ሙሉ ከደጁ ተዘርግቶ ሳለ እሱ የሚያየው ጠላት ብቻ ስለነበር፣ ደነገጠ፣ አፈረም።

አንጁሎም፣ «ልጄ እዚያ ነው የቀረው፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው» አለ።

ቦርኬ ከሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ዋርካ ጣቱን ቀሰረ። «ከዚያ ዛፍ ሥር ቀብረነዋል። ለአሞራ አልሰጠነውም፣ አባቴ።»

አንጁሎ ዓይኑን ከዋርካው ሳይነቅል አለቀሰ። ከዚያም እንሰቱን በገዛ እጁ ነቅሎ አሸከመው ይባላል።

ዋርካው በጠራ ቀን ዛሬም ከበሩ ላይ ይታያል። እንግዳው ሐይቁን ሲያደንቅ ሽማግሌዎቹ ከኋላው ይቆማሉ። እሱ አገር የሚያስጎበኙት ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ጀርባውን እያዩ ነው። አይተው ሲበቃቸው ትከሻውን ነካ አድርገው፣ «ጀርባህን ሰጥተኸናል፤ ግባ ወንድማችን» ይሉታል።