ጅግሮቹን ማን ይጠራቸዋል?

አንድ ሰው ነበር። ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ቆላ በቆሎና ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ታሪኩን እንዳወራ ሲፈቅድልኝ «ስሜን ግን ተወው» ብሎኛል።

የዚህ ሰው ከብቶች መዥገር በዛባቸው። ጅግራ መዥገር ለቅማ ትበላለች ሲባል ሰማ። ታዲያ ማሳው ዳር፣ ሣር ውስጥ፣ የዱር ጅግራ እንቁላል አገኘና የታቀፈች ዶሮ ሥር አስቀመጠው። አሥራ ሁለት ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ዶሮዋ እንደ ልጆቿ አሳደገቻቸው። ክንፋቸው ጠንክሮ መብረር ሲጀምሩ ሰውየው አንድ ጠዋት በሩን ከፈተና ለቀቃቸው።

ሄዱ። በጓሮው በኩል አልፈው፣ ጅረቱን ተሻግረው፣ ወደ ግራሩ ገቡ። ሲመሽ አንድም አልተመለሰ። ዶሮዋ ሁለት ቀን ሙሉ አጥሩን እየተከተለች ስትጮህ ዋለች።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንቁላል አገኘ። ዘጠኝ ተፈለፈሉ። አሁን ግን ተምሯል። ምን የተማረ ይመስላችኋል? መዝጋት ተማረ። በሽቦ አጠረ፣ ላዩንም በሽቦ ሸፈነ፣ በሩን ቆለፈ። ጅግሮቹ አደጉ፤ ቦታው ግን አላደገም። እርስ በርሳቸው ይነቋቆሩ ጀመር። አንዷ ጭንቅላቷ ቆስሎ ሞተች።

ሚስቱ መሠለች አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «የዶርቃ አባት፣ መዥገሩ እኮ ያለው ከሽቦው ውጭ ነው።»

«ያለፈው ዓመት የሆነውን አይተሻል።»

«አይቻለሁ። እኔ ግን ስለ ጅግራ ብቻ አይደለም የማወራህ።»

ስለ ምን እንደምታወራ ያውቃል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቁ ኢዮስያስ ከአራት ዓመት በፊት ሐዋሳ ሄዶ ጋራዥ ገባ። የመጀመሪያውን ዓመት ለበዓል መጣ። ከዚያ ቀረ። ከዚያ ድምፁም ጠፋ። ታናሿ ዶርቃ ደግሞ ጅግሮቹ በታጠሩበት ዓመት ፈተናዋን አልፋ አርባ ምንጭ ነርሲንግ እንድትማር ተመድባ ነበር። አባቷ «አትሄጂም» አላት። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ብቻ ከእሱ ጋር መነጋገር ተወች። ለምዝገባው የቀረው አንድ ወር ነበር።

በዚያው ሰሞን እማማ ፋንታዬ የሚባሉ አሮጊት ከመሠለች ጋር ሊጸልዩ መጡ። በወጣትነታቸው ብዙ ጅግራ ያረቡ ሰው ናቸው። ሲወጡ ሽቦው አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ፣ እነዚህን ማን ነው የሚጠራቸው?»

«ተዘግቶባቸው የለ እንዴ፣ እማማ? ምን ብዬ እጠራቸዋለሁ?»

«የመጀመሪያዎቹንስ?»

ሰውየው ወደ ግራሩ ተመለከተ።

«በሩን ከፈትህላቸው፤ ነገር ግን ሲወጡ የሚያውቁት ድምፅ አልነበረም። ወዴት ይመለሱ?» አሉት። ከዚያም አሳዩት። ማታ ማታ ብቻ ማሽላ ትሰጣቸዋለህ። ጣሳውን ታንኳኳለህ፣ በራስህ ድምፅ ትጠራቸዋለህ፤ እህሉን ሳያዩ ድምፅህን ይስሙ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርግ። ከዚያ አንዷን ልቀቅ።

«አንዷን ብቻ? ብቻዋንማ ትጠፋለች።»

«ሁሉም አንድ ላይ ሲወጡ ነው የሚጠፉት። ብቻዋን የወጣች ጅግራ የእህቶቿን ድምፅ ትታ አትርቅም። እነሱም አይተዉአትም፤ ከውስጥ ሆነው ሲጠሯት ይውላሉ።»

ሰውየው እንደተባለው አደረገ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት አንዷን ለቀቀ። ያን ቀን ማሳ አልወረደም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ጅግራዋ በቆሎው ዳር ድረስ ሄደች። ሰባቱ ከውስጥ ጮኹ። መለሰችላቸው። ትንሽ ራቀች። ጮኹ። መለሰች። እንዲህ እያሉ ዋሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጣሳውን አንኳኳና ተጣራ። ጅግራዋ በቦዩ ውስጥ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሲከፍትላት ገባች።

ሰውየው ቤት ገባና ሚስቱን ጠየቃት፦ «ለኢዮስያስ ከደወልኩለት ስንት ጊዜ ሆነኝ?»

«አንተ? አንተማ ደውለህለት አታውቅም። ስደውል የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ደክሞኝ ተውኩ።»

እውነቷን ነው። አራት ዓመት ሙሉ «አባቱ እኔ ነኝ፤ መደወል ያለበት እሱ ነው» ሲል ኖሯል። ቁጥሩን ከስልኳ ወስዶ በራሱ ስልክ ደወለ።

«ማን ልበል?»

«አባትህ ነኝ።»

«ምን ሆናችሁ? እማዬ አመማት?»

«ደህና ነን። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው። በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ጥሩ። እሑድ እደውልልሃለሁ።»

ይኸው ነው። ወቀሳ የለም፣ ስብከት የለም። ስልኩን ዘግቶ ዶርቃን ጠራት። «ሂጂ፣ ተመዝገቢ» አላት። «እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እደውልልሻለሁ።»

ልጅቷ አየችው። «አንተ ነህ የምትደውለው?»

«እኔ ነኝ።»

ለሳምንታት ሳታናግረው ቆይታ፣ ያን ማታ አጠገቡ ተቀምጣ በላች።

ሁሉም ነገር አማረ አልላችሁም። ጅግሮቹን በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ እየጨመረ ለቀቃቸው፤ አንዷን ሸለምጥማጥ በላት። ሰባቱ ግን እየወጡ ይመለሳሉ። ኢዮስያስ ሁለት እሑድ ስልኩን አላነሣም። በሦስተኛው አነሣ። በአምስተኛው ወር መጣ፣ ሁለት ቀን አደረ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይመጣ ተመልሶ ሄደ። አባቱ ዛሬም ይደውላል። «ሲሄድ ግቢው በር ላይ አቅፎኛል» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ወገኖቼ፣ እኛ ቤት ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው አለ? በሩን ከፍቶ «እንግዲህ ራሱን ችሏል» የሚል አለ። በሩን ቆልፎ «ጠብቄያለሁ» የሚል አለ። ሁለቱም የወደዱ ይመስላቸዋል። ግን የሚጠራው ማን ነው? ልጆቻችሁ ከእናንተ አፍ ስማቸውን የሚሰሙት መቼ ነው? ሲያጠፉ ብቻ ነው?

ስለ ልጆች ብቻ አይደለም የምናገረው። ከመዘምራኑ መካከል የቀረች እህት አለች። «የት ጠፋች?» ተባባልን። እርስ በርሳችን ተባባልን። እሷን የጠየቃት አለ? ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ ወደዚያኛው አጥቢያ የሄደ ሰው አለ። በሩ አልተዘጋበትም እንላለን። እውነት ነው፣ አልተዘጋበትም። ግን ማን ጠራው?

እኔንና እናንተን እግዚአብሔር እንዴት አመጣን? ቆልፎብን ነው? ወይስ ከሩቅ ቆሞ «ራሳቸው ያውቃሉ» ብሎ? ጠርቶን ነው። ሳንመልስለትም ጠራን። ስልክ እንደማያነሣ ልጅ ስንት ጊዜ ዝም ብለነዋል፤ እሱ ግን ደግሞ ጠራን።

ስለዚህ ዛሬ ብዙ አላስቸግራችሁም። ለምሳ ሳትቀርቡ አንድ ሰው ጋ ደውሉ። ለምን እንደቀረ አትጠይቁት። ላያነሣ ይችላል፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግማችሁ ደውሉ።

እንግዲህ ለቡራኬ እንነሣ። አሳጥረዋለሁ፤ እኔም ስድስት ዓመት ያልደወልኩለት ወንድም አለኝ።